ለዛሬው እጅ መቃኘት፦ የአንጋፋ ደርዳሪ የኋላ ዘመን አልበም
(ባሕር ዳር ላይ ለወጣት ሙዚቀኞችና ለድምፅ ቀጂዎች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)

እንደምን ዋላችሁ። ሃምሳና ስልሳ ዓመት ክራር ሲደረድር የኖረ ሰው በሰባና በሰማንያ ዓመቱ አልበም ሲሠራ፣ ሥራው ከተበላሸ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእርጅናው አይደለም። ጥፋቱ ሰውየውን ወደ ሠላሳ ዓመቱ ሊመልሱት የሚታገሉት የቀጂውና የአቀናባሪው ነው። ድሮ ይዘፍንበት በነበረው ከፍታ ይቃኙለታል፤ ድሮ ይመታበት በነበረው ፍጥነት ክሊክ፣ ማለትም ፍጥነት የሚቆጥር የማሽን ምት፣ ይከፍቱለታል፤ ድምፁ ሲሰነጠቅ በኮምፒውተር ይለስኑታል፤ ክራሩ ሲሳሳ በኦርጋን ይሸፍኑታል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አልበም የወጣትም የሽማግሌም አይሆንም። ዛሬ የምናወራው በተቃራኒው መንገድ ነው፦ መሣሪያውን፣ ቤቱን፣ ሰዓቱንና ማሽኑን ለዛሬው እጅና ለዛሬው ጉሮሮ ስለ መቃኘት።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እንግሊዛዊው የባህል ዘፈን ጊታሪስት ማርቲን ካርቲ እ.ኤ.አ. በ1941 ተወለደ፤ የመጀመሪያ አልበሙን በ1965 አወጣ። ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ 84ኛ ዓመቱን በያዘበት ቀን፣ የዚያኑ የመጀመሪያ አልበም ዘፈኖች እንደገና የሚጎበኝ አልበም ይዞ መጣ። ያ አልበም በዚያው ዓመት ለሜርኩሪ ሽልማት፣ ማለትም ለብሪታንያና ለአየርላንድ የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት፣ ከታጩት 12 ሥራዎች አንዱ ሆነ። ሰውየው ዘፈኖቹን ሲመልስ የ24 ዓመቱን ልጅ ለመምሰል አልደከመም። የ84 ዓመት ሰው ድምፅ ነው የሚሰማው።

ለእኛ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የጊታሩ ቅኝት ይጠቅመናል። የተለመደው የጊታር ቅኝት ከወፍራሙ ክር ተነሥቶ ሚ ላ ሬ ሶል ሲ ሚ ነው። ካርቲ የሚታወቅበት ቅኝት ደግሞ ዶ ሶል ዶ ሬ ሶል ላ ነው። ስድስቱም ክሮች ወርደዋል፤ ወፍራሙ በአራት ግማሽ ድምፅ (ግማሽ ድምፅ ኦርጋን ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው)፣ ቀጭኑ በሰባት። ይህን ያመጣው በእርጅና አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ መሣሪያውን ለዘፈኖቹ ብሎ ያወረደው። እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ክራር ደርዳሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አትቀሩም፦ በስድስቱ ክር ላይ ያሉት ድምፆች አራት ብቻ ናቸው፣ ዶ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ። ሚን ጨምሩበት፣ የእኛው ትዝታ ሜጀር ይሆናል። መንገዱ ከእኛ መንገድ ብዙም አይርቅም።

ሌላው ምሳሌ አሜሪካዊው ሚሲሲፒ ጆን ኸርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ጥቂት ሸክላዎች ቀረጸ፤ ከዚያ ከቀረጻው ዓለም ተረስቶ በእርሻ ሥራ ኖረ። በ1963 ተፈልጎ ተገኘና እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1966፣ ደጋግሞ ቀረጸ። በሁለቱ ዘመን መካከል 35 ዓመት አለ፤ እጁ ግን ሲሰማ ያው እጅ ነው። ምክንያቱ ሊጠና የሚገባው ነው፦ አጨዋወቱ የጣት እንጂ የክንድ ጉልበት አይጠይቅም፤ አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች በእኩል ምት ያፈራርቃል፣ ሁለት ጣቶች ቀጭኖቹን ይለቅማሉ፣ እንቅስቃሴው ትንሽ ነው። ትንሽ እንቅስቃሴ ያለው አጨዋወት ከሰው ጋር ብዙ ይዘልቃል። በጎጃምም የምናየው ይኸው ነው። በመምቻ እየገረፈ ሠርግ ሲያደምቅ የኖረ ሰው ከሰባ በኋላ ቶሎ ይደክመዋል፤ በጣት ለቀም እያደረገ ሲያንጎራጉር የኖረው ግን አልጋው ላይ ተቀምጦም ይደረድራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከፍታውን መፈለግ ነው፤ ይህም ክራሩን ሳይነኩ የሚሠራ ነው። ሽማግሌው ያለ መሣሪያ እንዲያንጎራጉሩ አድርጉ። ሦስት ዘፈን፣ አንድ ጊዜ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ከሰዓት፣ በስልክ ቅዱት። ሰው ያለ መሣሪያ ሲያንጎራጉር ጉሮሮው ራሱ የሚመቸው ቦታ ላይ ያርፋል። ያንን ቦታ በስልክ መቃኛ ለኩት፤ ክራሩ የሚቃኘው እዚያ ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሽማግሌ ወንድ የንግግር ድምፅ በእርጅና በመጠኑ ሊቀጥን ይችላል፣ የድምፅ አውታሮቹ ስለሚሳሱ። ይህን የሰማ አቀናባሪ «ድምፃቸው ወደ ላይ ሄዷል» ብሎ ከፍ አድርጎ ይቃኛል። የዘፈኑ ጣሪያ ግን የሚሄደው ወደ ታች ነው። የሴት ደግሞ የንግግሩም ድምፅ ይወፍራል። ስለዚህ በንግግር አትመዝኑ፣ በእንጉርጉሮ መዝኑ።

የድሮ ካሴታቸውንም መለኪያ አታድርጉት። ካሴት ሲባዛና ሲጫወት ፍጥነቱ ይዛባል፤ ስድስት በመቶ ቢፈጥን ድምፁ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው ሦስትና አራት ጊዜ የተገለበጠ ካሴት ላይ የምትሰሙት ቀጭን ጎረምሳ ድምፅ ሰውየው ያወጡት ላይሆን ይችላል። «ድሮ እዚህ ላይ ነበር የሚዘፍኑት» ብሎ መከራከሪያ ማድረግ ብዙ ሽማግሌ ያለ አግባብ አስጨንቋል።

አሁን ወደ ክሩ እንግባ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ክራር አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ክር አለው፣ ባለ አምስትም አለ። እንደ ጊታር ክሩ ተጭኖ ድምፅ የሚለወጥበት አንገት የለውም፤ አንድ ክር አንድ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሲቃኝ የዘፈኑ ወለልም ጣሪያም አብሮ ይወሰናል። ቅኝቱን ለሽማግሌው ጉሮሮ ዝቅ ስናደርግ ደግሞ ክሩ ይላላል፤ የሚላላውም ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። በሁለት ግማሽ ድምፅ ብታወርዱት ውጥረቱ 21 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በሦስት 29 በመቶ፣ በአራት 37 በመቶ ገደማ። የላላ ክር ሦስት ችግር ያመጣል። ጠንከር ተደርጎ ሲመታ መጀመሪያ ከቅኝቱ ከፍ ብሎ ይጮኽና ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ማይክሮፎን ላይ ይህ ደርዳሪው ቅኝት የሳተ ያስመስላል። ሁለተኛ፣ ብርኩማው ላይ፣ ማለትም ክሮቹን ከቆዳው በላይ በሚይዘው እንጨት ላይ፣ ይርገበገባል። ሦስተኛ፣ ከጎረቤቱ ክር ጋር ይጋጫል።

መፍትሔው የክሩን ውፍረት መጨመር ነው። ቅኝቱ በሁለት ግማሽ ድምፅ ወርዶ ውጥረቱ እንደ ድሮው እንዲሆን ከተፈለገ ክሩ 12 በመቶ መወፈር አለበት፤ በሦስት ከወረደ 19 በመቶ፣ በአራት ከወረደ 26 በመቶ። ዛሬ አብዛኛው ክራር የሚታሰረው በናይሎን፣ ማለትም በዓሣ ማስገሪያ ክር ስለሆነ ይህን መሥራት ቀላል ነው፤ ውፍረቱ ጥቅሉ ላይ በሚሊሜትር ተጽፏል። 0.60 የነበረውን ክር በሁለት ግማሽ ድምፅ ካወረዳችሁት 0.65 እሰሩለት፤ ውጥረቱ ከቀድሞው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ይላላል፣ ይህም ለሚያመው ጣት ይበጃል። 0.70 ብታደርጉት ግን ከድሮው 8 በመቶ ገደማ ይጠነክራል፤ መገጣጠሚያው ያበጠ ጣት ይህን አይወድም። በሦስት ግማሽ ድምፅ ከወረደ ደግሞ 0.70 ልክ ነው። ስድስቱንም በአንድ ጥቅል ማሰር አይገባም፤ እያንዳንዱን ከነበረበት ውፍረት ተነሥታችሁ አስሉት።

አዲስ ናይሎን ለቀናት እየተሳበ ይረዝማል። ቀረጻው ሊጀመር አራት አምስት ቀን ሲቀረው መታሰርና ሽማግሌው በየቀኑ ሊደረድሩበት ይገባል፤ በዚያው እጃቸው አዲሱን ውፍረት ይለምዳል። በቀረጻው ዕለት ጠዋት ክር የሚቀይር ሰው ቀኑን ሙሉ ሲቃኝ ይውላል። ሽማግሌው በጅማት የሚደረድሩ ከሆነ ደግሞ ጅማቱን አትንኩባቸው። ጅማት እርጥበት ሲነካው ይለዋወጣል፣ ውፍረቱም እኩል አይደለም፤ ነገር ግን ድምፁ ለስለስ ያለና አጭር ነው፣ እጃቸውም የሚያውቀው እሱን ነው።

መቃኘቱ ራሱ የእጅ አንጓ ጉልበት ይጠይቃል። በቀንበሩ፣ ማለትም በላይኛው አግዳሚ እንጨት፣ ላይ በጨርቅ ወይም በጠፍር ተጠምጥሞ የሚያዝ ክር ለመጠምዘዝ ይከብዳል፣ ሲለቁትም ይንሸራተታል። ሽማግሌው ስድስቱን ክር ራሳቸው ቃኝተው ከጨረሱ፣ ለመደርደር የሚያስፈልጋቸውን ጉልበት ግማሹን ጨርሰውታል። ስለዚህ የሚያምኑት ልጅ ወይም ደቀ መዝሙር ያዙርላቸው፤ እሳቸው ይስሙና «ጥበቅ፣ ላላ» ይበሉ። ጆሮው የእሳቸው፣ ጉልበቱ የልጁ ይሁን። ቀጂው ግን መቃኛ ማሽን ይዞ ጣልቃ አይግባ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

የክራሩ ቆዳ ሌላ ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ደጋና ቀዝቃዛ ነው። በክረምት ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ብርኩማው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ክሩ ሁሉ አብሮ ይወርዳል፣ ድምፁም ይደነቁራል። ብዙ ሰው እሳት ዳር ያስጠጋዋል። ይህ አደጋ አለው፦ ቆዳው በአንድ ወገን ብቻ ይደርቅና ብርኩማው ሥር ወይም ስፌቱ ላይ ይቀደዳል። ፀሐይ ካለ ሩብ ሰዓት ያህል ማሞቅ፣ ከሌለ ከዋዜማው ጀምሮ በሚቀዳበት ክፍል ውስጥ ሰቅሎ ማሳደር ይሻላል። ለቪዲዮ ተብሎ ጠንካራ መብራት ቅርብ ከተተከለ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቆዳው እየደረቀ ይወጠርና ቅኝቱ በየዘፈኑ መካከል ወደ ላይ ይሸሻል። መብራቱን አርቁ፣ ከየዘፈኑ በኋላም ቅኝቱን ፈትሹ።

ስለ እጅ አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። በመምቻ ሲገረፍ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ይመታል፤ የሚሰማውን የሚመርጠው ግራ እጅ ነው። ከክሮቹ ጀርባ ሆኖ ጣቶቹ ክሮቹን ያፍናሉ፤ ሊሰማ የሚገባው ክር ላይ ያለው ጣት ብቻ ይነሣል። እርጅና መጀመሪያ የሚታየው ከምቱ ይልቅ በዚህ መነሣትና መመለስ ላይ ነው። ጣቱ ዘግይቶ ሲነሣ ድምፁ ታፍኖ ደረቅ «ጠቅ» ብቻ ይሆናል። ዘግይቶ ሲመለስ ደግሞ ያለፈው ድምፅ ከአዲሱ ጋር ተደርቦ ይቀራል። በተለይ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ይሰንፋሉ። ቀጂው ይህን ሲሰማ «ምቱ ተዛባ» ይልና ያስደግማል፤ ሲያስደግም እጁ ይደክማል፣ ሲደክም ይብስበታል። መድኃኒቱ ሌላ ነው። ዘፈኑን ከግርፍ ወደ ጣት ድርደራ ማዞር አንዱ ነው። ግርፉ የግድ ከሆነ ፍጥነቱን መቀነስና የሰነፈው ጣት የሚያዘውን ክር ከዜማው ጉዞ ውስጥ በተቻለ መጠን ማሳረፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ራሳቸው አውቀው የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ነው፤ አቀናባሪው «እንደ ድሮው አይደለም» ብሎ ባይከለክላቸው።

ጥፍርም እንዲሁ። በእርጅና ጥፍር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በጥፍር ይለቅሙ የነበሩ ሰው በሥጋው ቢለቅሙ ድምፁ ይለዝባል፣ ከፍ ያለው ጥራት ይቀንሳል። ያንን በሚክስ ላይ ለማካካስ ላይኛውን ድምፅ ከመግፋት ማይክሮፎኑን አሥር ሳንቲሜትር ማስጠጋት ይሻላል፤ የጣቱ ንክኪ ራሱ ይሰማና የጠፋውን ጥራት ይተካል።

ወደ ጊዜው ልሂድ። በጎጃም የቀረጻ ወር የሚመረጠው በስቱዲዮ ክፍት ቦታ ብቻ አይደለም። በሁዳዴ ጾም ዘፈን የማይነኩ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው፤ በዚያ ወቅት ክራር ይዘው እንዲዘፍኑ መጠየቅ ራሱ ነውር ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ይገባል። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ደርዳሪ አይገኝም፣ ቢገኝም ጉሮሮው ተቃጥሎ ነው። ክረምቱ ደግሞ ቆዳውንም ጣሪያውንም ያበላሻል። የሚቀረው ጥሩ ጊዜ ከመስቀል በኋላ ያለው ጥቅምትና የኅዳር መጀመሪያ ነው፤ ዝናቡ ያቆማል፣ አየሩ ገና አልደረቀም። በሳምንቱ ውስጥ ረቡዕና ዓርብን ዝለሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሰው በባዶ ሆድና በደረቀ አፍ እንዲዘፍኑ አይደረግም። በቀኑ ውስጥ የሚሻለው ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ የሌሊቱ የጣት ድርቀት ለቋል፣ ቀኑም ገና አልከበደም። አንዱ የቀረጻ ጊዜ ከአርባ ደቂቃ አይብለጥ፤ በቀን ሁለት እንደዚያ ዓይነት ጊዜ ይበቃል። ለብ ያለ ውኃ አቅርቡ። አረቄ ጉሮሮ ያሞቃል የሚባለው ለዘፋኝ አይሠራም፤ ያደርቃል።

ቤቱን በተመለከተ፣ ከተማ ውስጥ ካለ ቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል ይልቅ ገጠር ያለ ሣር ክዳን ቤት ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ሣሩ ድምፅ ይጠጣል፤ ካፊያ ቢጥል እንኳ አይሰማም። የጭቃው ግድግዳ ጠፍጣፋና ለስላሳ ስላልሆነ ድምፁን ይበትነዋል። ቆርቆሮ ግን ዝናብ ባይኖርም፣ ፀሐይና ደመና ሲፈራረቁ ይንቋቋል፤ ያ ድምፅ ዘፈኑ መካከል ከገባ አይወጣም። ክብ ቤት አንድ ጉድለት አለው፦ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ ሁሉ ወደ መካከል ይሰበሰባል፤ ምሰሶው አጠገብ የተተከለ ማይክሮፎን እንደ ጉድጓድ ያለ ድምፅ ይይዛል። ደርዳሪውን ከመካከል አርቁና ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ አስቀምጡ፤ ከጀርባቸው ሁለት ጋቢ ስቀሉ። የፕላስቲክ ወንበር አትስጧቸው፣ ይንጣጣል፤ ዱካ ወይም መደብ ይሁን። ዶሮውንና ውሻውን ቀድሞ ከግቢ ማስወጣት፣ በአካባቢው ያለ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የሚከፈትበትን ሰዓት መጠየቅ፣ የወፍጮ ቤቱን ርቀት ማየት፣ እነዚህ ከማይክሮፎኑ ዋጋ በላይ ለውጥ ያመጣሉ። መብራት ካለም በባትሪ ቅዱ፤ የ50 ኸርዝ እዝዝታ ከክራሩ ወፍራም ክር ጋር ተቀላቅሎ ከገባ በኋላ ማውጣት ክሩንም ይዞ መውጣት ነው።

ማይክሮፎኑን በአጭሩ ልበል። ለክራሩ አንድ፣ ከቆዳው 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር ርቆ፣ በብርኩማውና በገበቴው ጠርዝ መካከል የሚያነጣጥር፤ የቆዳው እምብርት ላይ ካነጣጠረ ይጎረብጣል። ለድምፁ ሌላ፣ ከአፍ 25 ሳንቲሜትር ገደማ፣ በሰያፍ። ጥርስ የጎደለው አፍ ሰን፣ ሸን፣ ጸን ሲያወጣ ያፏጫል፤ በሰያፍ ያለ ማይክሮፎን ያንን ያቀለዋል፣ በኋላ በማሽን መቁረጥ ግን ፊደሉን ራሱን ይጎዳል። በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ፣ ከፍተኛው ምት ከዜሮ በ12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቀዳ። ይኸው ነው።

ሄድፎን አታድርጉላቸው። በእርጅና ቀድሞ የሚደክመው ቀጭኑን ድምፅ የሚሰማው የጆሮ ክፍል ነው፤ ስለዚህ «አልሰማም፣ ጨምር» ይላሉ፣ ሲጨመር ወደ ማይክሮፎኑ ይፈሳል፣ ከዚያም በላይ ራሳቸውን በሰው ሠራሽ ድምፅ ስለሚሰሙ ክሩን ይደበድቡታል። ከመስተዋት ጀርባ ሆኖ በማይክ ማናገርም ለሽማግሌ ክብር አይደለም። ቀጂው አብሯቸው ይቀመጥ፣ በአንቱታ፣ ስማቸው በሚጠራበት አጠራር፣ ጋሼም ይሁን አባ። «ተሳስተዋል» አይባልም። «ጋሼ፣ ይህችን ስንኝ እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልን» ይባላል፤ ቢደግሙትም ከመጀመሪያው ጀምረው እንጂ ከመካከል አይሁን። አንድን ዘፈን በአንድ ቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ማስደገም ትርፍ የለውም። ካልሆነ ለነገ ይደር።

ክሊክ አትክፈቱ። እስክስታ ያለበት ዘፈን እየሞቀ ሲሄድ ይፈጥናል፤ ያ ፍጥነት የዘፈኑ አካል ነው። ከበሮ ከተፈለገ ሰው ይምታው፣ አብሮ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ። ማሲንቆ ቢጨመርም ጥሩ ነው፤ ጭራው በክራሩ ቅኝት ይሳብ።

አሁን መቃኛ ማሽኑን በተመለከተ ቃል የገባሁትን ልፈጽም። ነባር ደርዳሪ በጆሮው ሲቃኝ የሚያገኛቸው ርቀቶች ኦርጋን ላይ ካሉት ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። የትዝታ ሜጀርን ሚ ውሰዱ። ግማሽ ድምፅን ለመቶ ከፍለን ብንለካ፣ ኦርጋኑ ላይ ከዶ እስከ ሚ 400 ነው፤ በጆሮ ተስማምቶ የሚቀመጠው ጥርት ያለ ሚ ግን 386 ገደማ ላይ ነው። በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ደግሞ ልዩነቱ በየደርዳሪው ይለያያል። ማሽን ይዞ «ይህ ሚ ዝቅ ብሏል» ብሎ የሚያስተካክል ቀጂ፣ ሰውየው ሃምሳ ዓመት ያደላደሉትን ቅኝት በአንድ ደቂቃ ያፈርሳል። ማሽኑ የሚጠቅመው ለመመዝገብ ነው፦ ሽማግሌው ቃኝተው ሲጨርሱ ስድስቱን ክር በየተራ ይምቱ፣ ቀጂው እያንዳንዱ ከኦርጋኑ ስንት እንደሚርቅ ይጻፍ። ያ ወረቀት በነገታው ወደዚያው ቅኝት ለመመለስ ይረዳል፤ ከዓመታት በኋላም ለሚያጠና ሰው ሀብት ነው። በኮምፒውተር ድምፅ ማስተካከያ ደግሞ ጉሮሮውን ወደ ኦርጋኑ ከጎተታችሁት ጉሮሮውና ክራሩ ይጣላሉ። ኦርጋን የግድ ይግባ ከተባለ፣ ብዙዎቹ ኦርጋኖች እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስችላሉ፤ ኦርጋኑ ወደ ክራሩ ይቃኝ። ብትጠይቁኝ ግን፣ ባይገባ ይሻላል።

ስለ ግጥሙ። የጎጃም ደርዳሪ የቅኔ አገር ሰው ነው፤ የቅኔ ጉባኤዎቹ ዋሸራና ዲማ ያሉበት አገር ነው። ስንኙን በየጊዜው ይለዋውጣል፣ ትናንት የዘፈነው ዛሬ አይደገምም። ስለዚህ ከሁለት ቅጂ ቆርጦ መቀጠል የሚቻለው በስንኝና በስንኝ መካከል ነው፤ በስንኙ ውስጥ ከሆነ ሰሙ ከአንዱ፣ ወርቁ ከሌላው ይሆናል። ኅብሩ፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የያዘው ቃል፣ የሚሸሸገው ብዙ ጊዜ በማጥበቅና በማላላት ላይ ነው፣ ፊደላችን ደግሞ ይህን አያሳይም። ግጥሙን ስትጽፉ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሽማግሌው ፊት አንብቡና ያርሙት። ስንኙን ከማን እንደ ተማሩት፣ የትኛው የራሳቸው እንደ ሆነ፣ የትኛው የሕዝብ እንደ ሆነ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚህ የሚወለደው ውልም ቀላል ይሆናል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኙ፣ ማለትም የሚዘፍነውና የሚደረድረው ሰው፣ የራሱ መብት አለው፣ ጥበቃውም 50 ዓመት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት መብቱ ለልጆቻቸውም ሊተርፍ ይችላል። ውሉ በጽሑፍ፣ በአማርኛ፣ ተነብቦላቸው፣ ምስክር ባለበት ይፈረም።

ሚክሱ ላይ ትንፋሹን አታጥፉ። በሽማግሌ ዘፈን ውስጥ ትንፋሹ የስንኙን ርዝመት ይነግራል፤ ከጠፋ በስንኞቹ መካከል ያለው ዝምታ ባዶ ይሆናል። ድምፅ መጭመቂያውም ቀለል ይበል፤ ጠንካራ ከሆነ ከየምቱ በኋላ ክፍሉ ወደ ላይ ይነሣል፣ የጣሪያውም የጋቢውም ድምፅ ይሰማል። ዛሬ ትልልቆቹ የማሰራጫ መድረኮች የሥራውን ጩኸት ራሳቸው ስለሚያመጣጥኑ፣ አልበሙን ከጎረቤቱ በላይ ለማስጮኽ መጭመቅ ጥቅም የለውም። በስልክ ድምፅ ማጉያና በባጃጅ ውስጥ አዳምጡት፤ ወፍራሙ ክር ቢጠፋ እንኳ ዜማው ካልጠፋ በቂ ነው። ርዝመቱ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ፣ ስምንት ወይም አሥር ዘፈን። ከተቀዳው ሁሉ የሚመረጠው እጁ ያልታገለበት ነው፣ ዝነኛው ዘፈን ከአልበሙ ውጭ ቢቀርም።

በመጨረሻ ለባለቤቱ ይሰማል። ተራ ድምፅ ማጉያ ላይ፣ በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው ባለበት። «ድምፁ ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቀጭኑን ድምፅ ጆሯቸው ስለማይሰማው «ደብዝዟል፣ አጥራው» ይሏችኋል፣ ብታጠሩት ለሌላው ሰው ጆሮ ይወጋል። የስንኙን ቅደም ተከተል፣ የዘፈኑን ፍጥነት፣ ክራሩ ከድምፃቸው ጋር ያለውን መመጣጠንና ሊወጣ ይገባዋል የሚሉት ዘፈን እንዳለ ጠይቁ። በእነዚህ ላይ የእሳቸው ቃል የመጨረሻ ነው፤ የድምፁን ጥራት ደግሞ ሌላ ክራር ደርዳሪ፣ በዕድሜ ልጅ የሆነ፣ ይፈትሽ። ያልተነካው ዋናው ቅጂ ከቅኝቱ ወረቀትና ከግጥሙ ጋር በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ በቤተሰቡ እጅ ይሁን።